አመጣጡ አይታወቅም

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ ለድንቢጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደህና ነኝ እንዳልልሽ ወንድምሽን ከቀበርኩ ገና ሦስት ወር ነው። ደህና አይደለሁም እንዳልልሽ ደግሞ ዛሬ ንዴቱ አቁሞኛል። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ነው፤ ይህን ከጠዋት ጀምሬ ነው የምጽፈው። ታግሰሽ አንብቢልኝ።

ወንድምሽ ብሪጅ የሚሉትን የጥንድ የካርታ ጨዋታ ይጫወትበት የነበረው ክለብ መጽሐፍ አሳተመ። ቀጭን ናት፤ «የብሪጅ ተጫዋቾች ቃላት» ትባላለች። ሽፋኗ ላይ የአንድ ጠበቃ ፎቶ አለ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ክለቡ ገብቶ አምስት ዓመት የወንድምሽ የጨዋታ ጓደኛ የነበረው፣ አሁን የክለቡ ሊቀመንበር የሆነው ሰው ነው። የወንድምሽ ስም ግን የለም። መነጽሬን ወልውዬ ሁለት ጊዜ ፈለግሁ፤ የለም።

ቃላቱ ግን አሉ። የእኛ ቤት ቃላት! ሁለታችሁ በእኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ድንች ልላጥበት ተነሡ እያልኳችሁ የፈጠራችኋቸው፣ በደብተር የጻፋችኋቸው።

«የእናቴ ቦርሳ» የሚለውን ገልጬ አነበብኩ። «ከአሥራ ሦስቱ ካርታ አንድም ከዘጠኝ የሚበልጥ የሌለበት እጅ። አመጣጡ አይታወቅም።» አይታወቅም? ቦርሳው እኮ በሩ ላይ ተሰቅሏል! በር የሌለው ቁልፍ፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ። ሁልጊዜ ሙሉ፣ ለምንም የማይረባ።

«አጎቴ» የሚሉት ደግሞ ካርታውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጓደኛው ሲጫወትለት ዝም ብሎ የሚያየውን ነው። ጠበቃው «ለአንጋፋ ተጫዋቾች ከሚሰጥ ክብር የመጣ» ይላል። ክብር! ወንድሜ እኛ ጋ በከረመ ጊዜ ሻንጣውን ጠረጴዛው ላይ አራግፎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ስንት ስቃችሁበታል! ትልቁ ካርታ በማን እጅ እንዳለ ሳያውቁ ትንሿን ማሾለክን፣ «ዘበኛ ማለፍ»ን፣ «ከጦር ሜዳ የተወሰደ» ብሎታል። የምን ጦር ሜዳ? ጣሪያው ላይ እንዳትወጡ ደረጃው ሥር ይጠብቃችሁ የነበረው የሕንፃችን ዘበኛ አይደለም?

ማክሰኞ ጫማዬን ቀይሬ ክለቡ ሄድኩ። ጠበቃው አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይበውዛል።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። እነዚህን ቃላት ማን ፈጠራቸው?»

«ቃል የሁሉም ነው እኮ፣ እማማ። ባለቤት የለውም።»

«ባለቤት ከሌለው ያንተ ፎቶ እዚህ ምን ይሠራል?»

የክለቡ ጸሐፊ ሳቋን በሻይ ብርጭቆዋ ደበቀች። እኔም ከቦርሳዬ ደብተራችሁን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ያ ቦርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ካርታ ወጣው።

ጠበቃው ቀስ ብሎ ገለጠው። ወንድምሽ ከሊፍት ጥገና ሥራው ሲመለስ በቅባት ያተመውን የጣት አሻራ ሲያይ ጣቱን አሳረፈበት።

«የሁለት ሰው ጽሕፈት ነው። አንዱ የሱ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሌላው የማን ነው?»

«የእህቱ።»

«እህት ነበረችው እንዴ?»

«ነበረችው ምን ማለት ነው? አለችው!»

ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ። «ድንቢጥ» ይላል፣ በወንድምሽ እጅ። ጨዋታው ሳይጀመር ስንት እንደሚያሸንፉ በሚጠሩበት ሰዓት «አለፍኩ» ብሎ ውሳኔውን ለጓደኛ መተው፤ «አንቺ ወስኚ፣ እኔ አለሁልሽ» ማለት ነው ብሎ ጽፏል።

«ይቺን አላውቃትም» አለኝ ጠበቃው። «አምስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንድም ቀን አልተጠቀመባትም።»

እንግዲህ የተባለው ይህ ነው፦ ደብተሩ ያንቺም እንደሆነ በእጅሽ ጽፈሽ ከላክሽ፣ ወሩ ሳያልቅ ወደ ማተሚያ ቤት በሚገባው ሁለተኛ እትም የሁለታችሁንም ስም ያስገባል። ካልላክሽ ግን የሁለተኛው ጽሕፈት ባለቤት ሳይረጋገጥ የማንም ስም አይገባም ብሏል፤ የወንድምሽ ሥራ «አይታወቅም» ተብሎ ይቀራል። ከእኔ በቀር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የእኔን ምስክርነት ደግሞ እናት ናት ብለው አይቀበሉም።

ባንቺም ተቆጥቻለሁ፣ ልጄ። በዚያ የፍጻሜ ውድድር አንድ ካርታ ተሳሳተ ብለሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ከእንግዲህ ካንተ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም» አልሽው። ቃልሽንም ጠበቅሽ፤ ለቀብሩም አልመጣሽም። ግን የማታውቂው ነገር አለ። አንቺ የሄድሽ ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሊከተልሽ ጫማውን አሥሮ ነበር። «ተዋት፣ ይብረድላት» ብዬ በሩ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ነው እስከ አሁን የቆየሁት።

በየዓመቱ መጀመሪያ ከጠበቃው ጋር የሚጫወቱበትን የስምምነት ወረቀት እዚሁ ወጥ ቤት ይሞላ ነበር። የትኛው ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ ይጽፋል። «አለፍኩ» ከሚለው ጥሪ ፊት ያለውን መስመር ግን ሁልጊዜ ባዶ ይተዋል። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ስወለውል፣ «ይህን ረስተኸዋል» አልኩት።

ቀና ሳይል፣ «አልረሳሁትም፣ እማዬ» አለኝ። «ሰው አለው።»

ለክለቡ የሚሆነውን ጽፈሽ በፖስታ ላኪ። ለእኔ ያለሽን መልስ ግን ራስሽ ይዘሽ ነይ።

የሄድሽበት ሁሉ የሚቀበልሽ ደግ ፊት አይጥፋ። እኔንም እስክትመጪ ዕድሜ አይንፈገኝ።

ባለቦርሳዋ እናትሽ