የሰረዝኩት «ደህና ነን»

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም የጫማህን ክር ልጆችህ ናቸው የሚያስሩልህ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ሰው ትለያለች? ባለቤትህስ፣ መንታዎቹስ? «እኛም ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። በሌላ ወረቀት በንጹህ ልገለብጠው ነበር፤ ተውኩት። ስርዙን እይልኝ።

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው የመሰለው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ታስረዋል። የሰበረቻቸው ልጄ ጉልቤ ናት። ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ፤ በተወለደች በሳምንቷ ጣትህን ጨብጣ አልለቅም ስትልህ። ያኔ ሁላችንም ሳቅን። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከእኔ እኩል፣ ክብደቷ ከእኔ በላይ፣ አጨባበጧም ያው ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አታንብብላት።

በስልክ ስትጠይቀኝ የኖርከውን አሁን ልመልስልህ። ጉልቤ ቃል አታወጣም፤ ሲያማት፣ ድምፅ ሲበዛባት፣ የለመደችው ነገር ሲዛነፍባት በእጇና በጥርሷ ነው የምትናገረው። ክንዴ ላይ የጥርሷ ምልክት የሌለበት ቦታ ጥቂት ነው። ከጆሮዬ ኋላ የነጨችው ፀጉር እስካሁን አልበቀለም። ቤታችን ውስጥ የሚሰበር ዕቃ የለም፤ ቢላው የሚቀመጠው ተቆልፎበት ነው፤ ሽንኩርት ልከትፍ ስል ቁልፉን ከአንገቴ አወርዳለሁ። ለራሷም አትራራም፤ ግንባሯን እያላተመች ግድግዳውን በስታዋለች። አባቷ ጥሎን ከሄደ ወዲህ እኔ ላውንድሪ ቤት አንሶላ ስተኩስ ውዬ ከትምህርት ቤቷ እቀበላታለሁ፤ ከዚያ በሩ ይዘጋና ሁለታችን ብቻ እንቀራለን።

የሚያንገበግበኝ፣ እርዳታ ነበረ። እንደሷ ያለ ልጅ ለሚያስታምም ሰው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው በየወሩ ድጎማ ይሰጣል፤ በወር ሁለት ቀን ደግሞ የሠለጠኑ ሰዎች ልጅቷን የእንክብካቤ ማዕከል ወስደው ይይዙልሃል፣ አንተ ትተኛለህ። ከአራት ወር በፊት የቢሮው ሴትዮ ኑሯችንን ልታይ መጣች። እህትህ ምን አደረገች? እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ከሥራ ቀርታ ወለል ስትፈትግ ዋለች። የተበሳውን ግድግዳ በቀን መቁጠሪያ ሸፈነች። በዚያ ሙቀት እጅጌ ሙሉ ሹራብ ለበሰች። ከጎረቤት ብርጭቆ ተበድራ ሻይ አቀረበች! ጉልቤም ያን ቀን ሰላሟ ነበርና ቆርኪዎቿን እየደረደረች ቁጭ አለች። ሴትዮዋ «ትማታለች?» ስትለኝ «ኧረ እሷ እቴ! አልፎ አልፎ ትቀብጣለች እንጂ» አልኳት። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «ተመስገን» አልኩ። የቤትን ገበና ለባዳ እንዳንናገር ተደርገን አይደል ያደግነው? እሷም ያልኩትን ሁሉ ጻፈች። ቅጹ ላይ የዘመድ ምስክርነት የሚሞላበት ቦታ ነበረ፤ አንተ ደግሞ «እንደ መልአክ ያለች ልጅ ናት፣ እህቴም ችላ ይዛታለች» ብለህ ሞላኸው። አልፈርድብህም፤ የነገርኩህን ነው የጻፍከው። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ቤተሰቡ ራሱን የቻለ ስለሆነ እርዳታ አያስፈልገውም ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ ከበላያችን ያሉት ሰዎች ግድግዳ በድሪል መብሳት ጀመሩ። ጉልቤ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፤ ከዚያ ግንባሯን ከበሩ ጠርዝ ጋር ታጋጭ ጀመር። ደም ሲወርድ ሳይ እጄን በመሃል አስገባሁ። በሩን ጠረቀመችው። የጣቶቼ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ጎንበስ ስል ፀጉሬን ይዛ መሬት ለመሬት ጎተተችኝ፣ ትከሻዬን ነከሰችኝ፣ ጎኔን በእርግጫ አለችኝ። ድሪሉ ቆመ። እሷም ለቀቀችኝና ጠረጴዛው ሥር ገብታ ተጠቀለለች።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። እኔ የመታኋት ከለቀቀችኝ በኋላ ነው። በእግሯ ጎትቼ አወጣኋትና በደህናው እጄ ፊቷን መታኋት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። እጇን አላነሳችብኝም፤ ዓይኗን ጨፍና እስክጨርስ ትጠብቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ይኸው ጻፍኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገብቶ ወገቤን ይዞ ባያነሳኝ የት ላይ እንደምቆም እንጃ። «አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን ከዚህ ቤት ሬሳ እናወጣለን፤ የማንኛችሁ እንደሆነ ነው የማላውቀው» አለኝ። እሱ ጉልቤን ይዞልኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ምን ሆነሽ ስትለኝ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በር ነው፣ ደህና ነኝ።»

ቢሮው ጋ የደወለው ልብስ ሰፊው ነው። ሴትዮዋ የፊታችን ዓርብ ትመጣለች። ቀን መቁጠሪያውን አውርጄዋለሁ፤ ያን ዕለት እጅጌ ጉርድ ነው የምለብሰው። ልጄን መትቻታለሁ ካልኳት ጨርሰው ሊወስዱብኝ ይችላሉ። ካልነገርኳት ደግሞ ሌላ ድሪል የተነሳ ቀን ራሴን አላምነውም። በወር ሁለት ቀን እንኳ እንቅልፍ ብጠግብ እጄ እንደዚያ አይሰነዘርም ነበር እላለሁ፤ ራሴን እያታለልኩም ይሆናል።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አዲሱን ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። የሚያደርስልህ ሹፌር ሐሙስ ይመለሳል፤ ሞልተህ በእጁ ስደድልኝ። መልአክ የሚለውን ተወው። «እህቴ ልጇን መትታለች፣ ልጇንም ትወዳለች፤ ደህና ነኝ ስትላችሁ አትመኗት» ብለህ ጻፍልኝ። ስልክ አትደውል፤ ድምፅህን ስሰማ አፌ የለመደውን ይላል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልኬ ነው፣ ክንዴን የሸፈንኩትም በእሱ ነበር። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጉልቤ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ቆርኪ ትደረድራለች፤ ከንፈሯ ቅርፊት ይዟል፤ ወረቀቱን ልገለብጥ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ፊቷን በክንዷ ትጋርዳለች። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ከላይ አታንብብላት ያልኩህን ሰርዘው፤ ሁሉንም አንብብላት።

እህትህ
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ እሑድ የካቲት 9 ቀን