ለአንድ ሰው የሚበቃ ፀሐይ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3
የአውቶቡሴን ጣራ ነጭ ቀለም ቀባሁ! ሃያ ዓመት ልጆች ያመላለስኩባት ቢጫዋ አውቶቡስ... ትምህርት ቤቱ ለጨረታ ሲያወጣት በስሜ ገዛኋት። አሁን ቤታችን ልትሆን ነው። ባሌ ዴልበርትም እኔም ጡረታ ወጥተናል፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ አሪዞና በረሃ። የቀረን ሶላር ብቻ።
ጎረቤቴ ቬልዳ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «ሎኔት፣ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከባልሽ ጋር? በሳምንትሽ ትገድይዋለሽ!» ስቄ ስቄ ቀለሙን ፊቴ ላይ ደፋሁት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 6
ኦርቪል ሱቅ ሄድን። ሶላር ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። «መጀመሪያ በጃንዋሪ፣ ደመና በዋጠው ቀን ምን ምን እንደምታበሩ ንገሩኝ። በሞቃት ቀን አስቦ የገዛ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ እኔን ይረግማል።»
ፍሪጅ፣ መብራት፣ የውሃ ፓምፕ... የኔ የሌሊት መተንፈሻ ማሽን። ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል፤ ያለ እሱ እንዳልተኛ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። ኦርቪል አሰበና፣ «አራት ፓነል፣ ሁለት ባትሪ።» ዴልበርት የቡና ማፍያውን አስታወሰ። «እሱማ ባትሪህን ሳይበላ አይተውህም፤ ትልቅ ኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኮረንቲ የሚቀይር ዕቃ፣ ይፈልጋል» አለው ኦርቪል። «ቡናዬንማ አልተውም!»
ስንመለስ፣ «ዕቃውን እኔ አዛለሁ፣ አንቺ መጋረጃሽን ስፊ» አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ቸገረኝ?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19
መጋረጃው አለቀ። ከተረፈው ጨርቅ ሁለት ትራስ ሰፋሁ፣ የሱንና የኔን። ሶላሩን አዘዝክ? ስለው «አዝዣለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። ባቄላው ጨው በዝቶበት ይሆን?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21
ብቻዬን ኦርቪል ጋ ሄድኩ። አንድ ፓነል በራሴ ጨምሬ ዴልበርትን ላስደንቀው...
«ልጄ፣ ምን ያደርግልሻል? ሁለት ፓነልና አንድ ባትሪ ለአንድ ሰው ይበቃል።»
«የምን አንድ ሰው?»
«አንቺ እህትሽ ቤት ትቀሪ የለ? እሱ እንዲያ ነው ያለኝ።»
«ማሽኔስ?»
«አውጣው አለኝ።»
«ቡና ማፍያውስ?»
ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «እሱ አለ።»
ለቡናው ቦታ አለ። ለትንፋሼ የለም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉ የት እንደሚገባ ጠፋኝ...

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22
ጠየቅሁት። «ለጤናሽ ብዬ ነው፣ ሎኒ። በረሃ አይስማማሽም።»
«ለጤናዬ ብለህ መተንፈሻዬን አስወጣህ?»
«ትንሽ ጊዜ ብቻዬን ልሁን ብዬ...»
«ብቻህን መሆን ካማረህ በእግርህ ሂዳ! በኔ አውቶቡስ? መቼ ልትነግረኝ ነበር?»
«ዕቃው ከተገጠመ በኋላ።»
ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ፓነል ሻጩ ከኔ ቀድሞ ሰማ። ቀለም ስቀባ መሰላሉን ይዞልኝ ነበር እኮ። ያኔም ያውቅ ነበር?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8
ኦርቪል ዕቃውን ይዞ መጣ። «ትልቁን ኢንቨርተር መልሰህ ትንሹን አምጣልኝ» አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። «ቡና ማፍያው ከወጣ ማሽንሽ ይገባል» ብቻ አለ። ፓነሉ ያው ሁለት፣ ባትሪው ያው አንድ። ዴልበርት በመስኮት ያይ ነበር። አልወጣም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12
በረሃ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። ኦርቪል ያለው ዓይነት ቀን... ፈርቼ ነው የተኛሁት። ማሽኔ ግን እስኪነጋ ሠራ፤ ስነሳ ባትሪው ግማሽ አለው። ቡናዬን በጋዝ አፈላሁ።
ቬልዳ ደወለች። «ገደልሽው ወይስ በሕይወት አለ?»
«አለ። ቡና ማፍያውን ትቼለት መጣሁ።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ስልኩን እስክዘጋ።
ኦርቪል ለአንድ ሰው ይበቃል ማለቱ ልክ ነበር። በጣም ይበቃል... የዴልበርትን ትራስ፣ ባትሪው መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ጎኑ ወትፌዋለሁ።