ትሉን የሚሰካላት ሰው

ሎዌል፣
ልጅህን ይዣት ሐይቅ ሄጃለሁ።
የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዴን አገዱብኝ ብለህ ቅዳሜዋን ሰረዝክባት። ያገዱህ የእሷን ቀለብ ስላልከፈልክ ነው፤ እሷ ምን አጠፋች? የዊስኮንሲን ግዛት ሕግ እንደሆነ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈቃድ አይጠይቅም። አንተ ዘንጉን ሳትነካ አጠገቧ ቁጭ በል፣ በቃ!

መንጃ ፈቃድህንም ስለወሰዱብህ ብስክሌቴን ትቼልሃለሁ። የኋላ ጎማው ተንፍሷል፣ ንፋው።

ትናንት "አንተም አባት ነኝ ትላለህ?" ያልኩህ...
ተወው።
ሳንድዊች ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ይዘህ ና።

ኬልሲ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው። የትሉን ጣሳ ልቀበላት ብል "አባዬ ነው መንጠቆው ላይ የሚሰካልኝ" ብላ አልሰጥም አለችኝ።

ወንድምህ ቨርን