አራተኛው ሽብልቅ

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፤ ደህናም እንሆናለን።

ሥራ አልጠፋም። ትምህርት ቤቱ ያዘዘንን ስምንት ወንበሮች አስረክበናል፤ የእንጨት ሥራ ቤታችን ጣሪያም ማፍሰሱን ትቷል።

ባለፈው ወር አባባ ምሳ ላይ "ይሄ ጠረጴዛ ወደ ግራ አዘንብሏል" አሉ። በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ እኔና አንቺ ያደግንበትን ጠረጴዛ ነው የሚሉት። ውሃ ልኩን አምጥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አርባ ዓመት በአናጺነት ከዓይናቸው ይልቅ ውሃ ልክን ያመኑ ሰው "ዋሽቷል" ብለው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሁለት ቀን ገበታ አልቀረቡም።

ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ተከራከርኩ። ኋላ ግን ለእኔ የቀናው ለእሳቸው ከዘመመ፣ የቀናው የቱ ነው አልኩ። የሚበሉት እሳቸው እንጂ ውሃ ልኩ አይደለም። ስለዚህ ከጠረጴዛው የግራ እግሮች ሥር ስስ ሽብልቅ ሸጎጥኩ። አባባ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው "አሁን ገና ቀና" አሉና ጠግበው በሉ።

ትናንት አራተኛውን ሽብልቅ ጨመርኩ። የሻይ ብርጭቆዬ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ በአንድ እጄ ይዤው እጠጣለሁ፣ ለምጄዋለሁ። እንጨት እንደሆነ ሞልቷል፤ የፈለጉትን ያህል እጨምራለሁ።

በዚህ ወር ፈቃድ ጠይቂና ነይ፤ ለሚቀጥለው አታቆዪው። ስትመጪ በእኔ በኩል ተቀመጪ፣ ሳህንሽንም ያዝ አድርጊ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ከአሁኑም ንገሪያቸው፦ የአያታቸው ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ነው።

ወንድምሽ