የእናትሽ ጆሮና የእኔ ጉራ

ይድረስ ለልጄ ለእስከዳር። ሰላምታዬ እንደ ቡሬ በቆሎ ይብዛልሽ። ይህን የጻፍኩት እኔው አባትሽ ነኝ፤ የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ መሪጌታም ይፈሩኛል!

እናትሽን የኩላሊት ኢንፌክሽን ጥሏት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስተኝተናታል። ጄንታማይሲን የሚሉትን መርፌ ከመውጋታቸው በፊት እንደ ሙክት መዘኗት። «ለምን?» ብል፣ ነርሷ «በክብደቷ ልክ ነው የሚሰጠው፤ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ መስማት ከከበዳት ቶሎ ንገሩን» አለችኝ። እኔም መፈተኛ አበጀሁ፤ በየማለዳው አጠገቧ ሆኜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጉራዬን እነዛለሁ፣ እሷም «ዝም በል፣ ጉረኛ!» ትለኛለች።

ዛሬ «ከመምህሬም በለጥኩ» ብላት ፈገግ ብቻ አለች። አምናኝ ይሆናል። ለማንኛውም ነርሷን ጠርቻታለሁ፤ የዛሬውን መርፌ አቆይታ ሐኪም ልታመጣ ሄዳለች።

እመቤቴ ትጠብቅሽ። ስትመጪ ከደጅ ጀምረሽ ጮክ ብለሽ ጥሪያት።

ጉረኛው አባትሽ፣ ስሜነህ