እጥፋቱ የዋጣቸው ሁለት ፊደላት

ኃይለልዑል፣

አክስቴ አልጋነሽ ከደብረ ማርቆስ ጠፍታ የላከችልንን ብቸኛ ፎቶ፣ ከማናውቀው ሰው ጋር የቆመችበትን፣ ታውቀዋለህ፤ ጀርባው «ከተማ ገባሁ» ይላል ስንል ኖረናል። ዛሬ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ የሚያውቃት ካለ ብዬ ሳሳየው አንዲት ነጠላ ሻጭ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ጋሼ፣ እናቴን ከየት አገኟት? አጠገቧ ያለውም አባዬ ነው፣ ከተማ!»

ገልብጬ ፀሐይ ላይ አየሁት። እጥፋቱ «ን» እና «አ»ን በልቷቸዋል፤ ለካ «ከተማን አገባሁ» ነበር!

ሸዋገነት፣ አዲሷ የአክስቴ ልጅ፣ ሥራዬን ስነግራት በሳቅ ፈነዳች፤ «ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ አርሜያለሁ ይላሉ ደግሞ!»

እናንተ ዘንድ «ሳታገባ ቀረች» እየተባለ ሲታዘንላት፣ እዚህ አምስት ልጅ አሳድጋለች።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ፣ እናቴን ሳምልኝ። እህቷ ሰባተኛ ሰፈር ካለው ቤቷ ለምሳ እየጠበቀችኝ ነው በላት፤ ከነባሏ፣ ከጋሽ ከተማ ጋር።

ጥላሁን