አሥራ ሁለት ካሬ ክፍሌን አፍርስም አታፍርስም ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የማህተምዎም ቀለም የማይደርቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሚስባህ እባላለሁ፤ ኢምፔሪያል አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ገርጂ ካለው ቤቴ ጀርባ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አከራያለሁ። የዋልኩበትን በደብተር የመያዝ ልማድ ስላለኝ ቀኖቹን አልስትም።

1. መጋቢት 4 ማንም ሳይጠራኝ፣ ሕግ አክባሪ ልሁን ብዬ የኪራይ ውሌን ላስመዘግብ መጣሁ። ጎረቤቴ አቶ ደቻሳ «አይ ሚስባህ፣ ማንም ሳይፈልግህ እዚህ ነኝ ብለህ እጅህን ታወጣለህ?» ብለው ሳቁብኝ። የውል ምዝገባው መስኮት አራት ተከራዬን ወይዘሮ ትበርህን ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንዳላስወጣ አስፈረመኝ። ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ።

2. መጋቢት 11 የግብሩ መስኮት ሰባት ባለሙያ ልኮ ክፍሏን አስለካ። ባለሙያው ሜትሩን ከጣሪያው ጠርዝ ስለጀመሩ ክፍሏ በአንድ ጠዋት ሦስት ካሬ አደገች፤ እኔ በአሥር ዓመት ያልቻልኩትን ማለት ነው።

3. ሚያዝያ 20 የግንባታ ፈቃዱ መስኮት ዘጠኝ፣ ክፍሏ በፕላን ላይ ስለሌለች እስከ ግንቦት 15 በራሴ ወጪ እንዳፈርሳት ጻፈልኝ። ግብር የምትከፍል ክፍል እንዴት የለችም ትባላለች ብዬ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ ካላፈረሱ ዘጠኝ ይቀጣዎታል፤ ተከራይዋን ካስወጡ አራት ይቀጣዎታል፤ እርስዎ ይምረጡ» አሉኝ። ምርጫ ስለተሰጠኝ ኮራሁ።

4. የማፍረሻ ፈቃድ ስጠይቅ የግብር ክሊራንስ አምጣ ተባልኩ። ክሊራንስ ስጠይቅ ውሉን አቋርጥ ተባልኩ። ውሉን ላቋርጥ ስል ሁለት ዓመቱ ይሙላ ተባልኩ። በሦስቱም መልሶች ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ እጅዎ ሳይንቀጠቀጥ መፈረምዎን አድንቄአለሁ።

ነጋዴ ነኝና የማያዋጣ ነገር ሲገጥመኝ ትቼው መሄድ ለምጃለሁ፤ ከዚህ ግን የምሄድበት አጣሁ። የወይዘሮ ትበርህ ልጅ ማዕዛ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ መጽሐፏን ይዛ የትኛው መስኮት ሥር እንደምትቀመጥ አልተነገረኝም። ስለዚህ ግንቦት 15 ክፍሏን በራሴ መዶሻ አፈርሳለሁ፤ እናትና ልጅ በዚያው ውል ሳሎኔ ይገባሉ። ባለቤቴ ሶፋውን አስጠግታ አልጋ የሚበቃ ቦታ ለቃለች። ያለ ፈቃድ በማፍረሴ የሚጣልብኝን ቅጣት በትህትና እጠብቃለሁ።

ሦስቱንም መስኮቶችዎን በእኩል የታዘዝኩ፣ በሦስቱም ዘንድ በእኩል ጥፋተኛ የሆንኩ፣
ሚስባህ

ሳልረሳው፦ ክፍሏ ስትፈርስ ግብሩም ይቆም እንደሆነ መስኮት ሰባትን ጠይቄ፣ «ቤቱ ይፈርሳል እንጂ ፋይሉ አይፈርስም» ተብያለሁ። ወረዳችን ይህን ያህል ጠንካራ ነገር መሥራት ከቻለ፣ እናትና ልጇን ለጊዜው ፋይሉ ውስጥ ቢያስጠጉልኝ ምን ይመስልዎታል? ለዚያኛው ፕላን የሚጠይቅ አይኖርም።